የኤፒተልየም ዓይነቶችን ከስላይድ ላይ ማንበብ፦ ከቅርጽ ተነስቶ ወደ ሥራ

ስላይዱን አስቀምጣችሁ ዓይናችሁን ማይክሮስኮፑ ላይ ስትደቅኑ መጀመሪያ የሚታያችሁ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ብቻ ነው። አስተማሪው «ይሄ የምን ኤፒተልየም ነው?» ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ኤፒተልየም ማለት የሰውነትን ገጾች የሚሸፍን የህዋሳት ንጣፍ ነው። ተማሪው ሌሊቱን ሰንጠረዥ ሲሸመድድ አድሯል። «ነጠላ ኩብ መሰል ኩላሊት፣ ነጠላ ዓምድ መሰል አንጀት» እያለ። ስላይዱ ላይ ግን «ኩላሊት» የሚል ጽሑፍ የለም።

እኔም መጀመሪያ የተማርኩት በሽምደዳ ነው። ነገሩ የገባኝ ሰንጠረዡን አስቀምጬ ስሞቹን ራሳቸውን ማየት ስጀምር ነበር። የኤፒተልየም ስም መልኩን የሚናገር ስም ነው። ስንት ድርድር እንዳለው ይነግራችኋል፤ ቀጥሎ የህዋሱን ቅርጽ ይነግራችኋል። ቅርጹ ደግሞ ሥራውን ያሳብቃል። ቀጭን ከሆነ የሆነ ነገር በውስጡ እንዲያልፍ ተፈልጓል። ወፍራም ከሆነ እንዳያልፍ ተፈልጓል። ይህ መመሪያ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው፤ አትዝለሉ።

ለመነሻ ያህል፣ ሰውነታችን የተሠራው ከ4 መሠረታዊ የህብረ ህዋስ ዓይነቶች ነው፦ ኤፒተልየም፣ አያያዥ ህብረ ህዋስ፣ ጡንቻ እና ነርቭ። ኤፒተልየም ሸፋኙ ነው። ቆዳን ከላይ ይሸፍናል። የአንጀትን፣ የሳንባን፣ የደም ቧንቧንና የሽንት ፊኛን ውስጠኛ ገጽ ይሸፍናል። ዕጢዎችም የሚሠሩት ከእሱ ነው። ቃሉን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፈጠረው ፍሬደሪክ ሩይሽ የተባለ የኔዘርላንድስ የአናቶሚ ሊቅ ነው። ከግሪክ «በላይ» እና «የጡት ጫፍ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ነበር ያገጣጠመው።

ደረጃ 1፦ ባዶውን ቦታ ፈልጉ

በትንሹ ሌንስ ጀምሩ፤ 4 ወይም 10 እጥፍ በሚያጎላው። ቸኩሎ 40 ላይ መሄድ ትልቁ የጀማሪ ስህተት ነው። 40 ላይ ዛፉን ታያላችሁ፣ ጫካው ግን ይጠፋባችኋል።

ኤፒተልየም አንድ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ክፍት ቦታ ነው። ክፍቱ ቦታ የውጭው ዓለም ሊሆን ይችላል፣ የቧንቧ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ደረትና ሆድ ውስጥ ያለው ክፍተትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስላይዱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየውን ቦታ ፈልጉና ጠርዙን ተከተሉ። ከጠርዙ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ኒውክለሶቹ (የህዋሳቱ እምብርቶች) ተጠጋግተው የተሰለፉበት ሐምራዊ መስመር ካገኛችሁ ኤፒተልየሙን አገኛችሁ።

ቀለሙን ማወቅ እዚህ ይጠቅማል። አብዛኛው ስላይድ የሚቀለመው በሁለት ቀለሞች ነው። ሄማቶክሲሊን ኒውክለሱን ሰማያዊ ሐምራዊ ያደርገዋል። ኢዮሲን የቀረውን የህዋሱን አካልና የአያያዥ ህብረ ህዋሱን ጭረቶች ሮዝ ያደርጋል። ኤፒተልየም ውስጥ ህዋሳቱ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ ናቸው፤ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ክፍተት የለም። ለዚያ ነው መስመሩ ከሥሩ ካለው ሮዝ አካባቢ ይልቅ ደመቅ ብሎ ሐምራዊ የሚሆነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ነጭ ቦታ ሁሉ እውነተኛ ክፍተት አይደለም። ናሙናው ሲዘጋጅ ይኮማተራል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል። ጠርዙ ላይ የህዋስ ሰልፍ ከሌለና ዳሩ የተቦጫጨቀ ከመሰለ፣ ያ ቅድ ነው። እለፉት።

ደረጃ 2፦ ላይና ታቹን ለዩ

ኤፒተልየም ላይና ታች አለው። ላይኛው ፊት ክፍት ቦታውን ያያል። ታችኛው ፊት የመሠረት ንጣፍ በሚባል ቀጭን ሽፋን ላይ ያርፋል። ከንጣፉ በታች አያያዥ ህብረ ህዋስ አለ፤ የደም ቧንቧዎቹም እዚያ ነው ያሉት። ንጣፉ ራሱ በተለመደው ቀለም በግልጽ ላይታይ ይችላል። ችግር የለውም። ሐምራዊው የሚያልቅበትንና ሮዙ የሚጀምርበትን ድንበር ያዙ።

ኤፒተልየም ውስጥ የደም ቧንቧ አይገባም። ኦክስጅንና ምግብ የሚደርሰው ከሥር ካሉት ቧንቧዎች እየሰረገ ነው። በወረቀት ጠርዝ ጣታችሁን ተቆርጣችሁ ሳትደሙ የቀራችሁበት ጊዜ ይኖራል። ቁስሉ ከኤፒተልየሙ አላለፈም ማለት ነው። ነርቭ ግን ወደ ቆዳው ኤፒተልየም ይዘልቃል፤ ስለዚህ ሳይደማም ያማል።

ደረጃ 3፦ ድርድሩን ቁጠሩ

አሁን ወደ 40 እጥፍ ሂዱ። ከታች ወደ ላይ ስትወጡ ስንት ኒውክለስ ታገኛላችሁ? አንድ ብቻ ከሆነ ነጠላ ኤፒተልየም ነው። ሦስት፣ አምስት፣ ሃያ እየተደራረበ ከወጣ ድርብርብ ነው።

ሦስተኛም አለ፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው እሱ ነው። ኒውክለሶቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው የተደራረቡ ይመስላሉ። በእውነቱ ግን ሁሉም ህዋስ የመሠረት ንጣፉን ይነካል፤ ቁመታቸው ስለሚለያይ ብቻ ነው ኒውክለሶቹ የተዘበራረቁት። ድርብርብ መሳይ እንለዋለን። የመተንፈሻ ቧንቧ ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ቅርጹን ከኒውክለሱ አንብቡ

የህዋሱ ወሰን በማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ አይታይም። ወሰኑን ፍለጋ ዓይናችሁን አታድክሙ። ኒውክለሱ ቅርጹን ይነግራችኋል፤ ህዋሱ ወደዘመመበት ይዘማልና።

ኒውክለሱ ጠፍጥፎ ከገጹ ጋር ከተኛ ህዋሱ ጠፍጣፋ ነው። ክብ ሆኖ መሐል ላይ ከተቀመጠ ኩብ መሰል ነው። ሞላላ ሆኖ ቀጥ ብሎ ከቆመና ወደ ታች ከተጠጋ ዓምድ መሰል ነው።

ድርብርብ ላይ ሕጉ ይለወጣል። ስሙ የሚወጣው ከላይኛው ድርድር ነው። ከታች ያሉት ህዋሳት ኩብ መሰል ቢሆኑም ላይኞቹ ጠፍጣፋ ከሆኑ ድርብርብ ጠፍጣፋ ኤፒተልየም ይባላል። ፈተና ላይ እዚህ የሚጠፋው ነጥብ ብዙ ነው። ሁልጊዜ ወደ ክፍቱ ቦታ የሚያየውን ድርድር ተመልከቱ።

መጠን ለመገመት ደግሞ ቀይ የደም ህዋስ ፈልጉ። ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነው። በአብዛኛው ስላይድ ላይ አንድ ቦታ አይጠፋም። እንደ ማስመሪያ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 5፦ ጫፉ ላይ ምን አለ?

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የስሙን ግማሽ ጥሎ ነው የሚሄደው። ላይኛው ጠርዝ ላይ ፀጉር የመሰሉ፣ አንድ በአንድ የሚታዩ ጭራዎች ካሉ ሲሊያ ናቸው። ይንቀሳቀሳሉ፤ ነገር ይገፋሉ። ጭራዎቹ ተለይተው ሳይታዩ ጠርዙ ላይ ወፈር ያለ ሮዝ መስመር ብቻ ከታየ ማይክሮቪላይ ናቸው። ቁመታቸው 1 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው፤ በተራ ማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ማየት አይቻልም። ሥራቸው ገጹን አስፍቶ መምጠጥ ነው።

በህዋሳቱ መካከል ጣል ጣል ያሉ ባዶ የሚመስሉ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያሉ ህዋሳት ካያችሁ ጎብሌት ህዋሳት ናቸው። ንፍጥ ያመርታሉ። በተለመደው ቀለም ንፍጡ ስለማይቀለም ነው ባዶ የሚመስሉት። ከሁሉም በላይ ኒውክለስ የሌለው፣ ሮዝና ቅርፊት መሰል ንብርብር ካለ ደግሞ ኬራቲን የሚባለው ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ቆዳ ላይ ናችሁ።

ደረጃ 6፦ ስሙን ከሥራው ጋር አገናኙ

እስካሁን ስም ነው ያወጣችሁት። አሁን «እንዲህ የሆነው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ነጠላ ጠፍጣፋ ኤፒተልየም ከሁሉም ቀጭኑ ነው። የሳንባ አየር ከረጢቶችን፣ የደም ቧንቧዎችን ውስጥና የልብ፣ የሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋኖችን ይሸፍናል። ሳንባ ላይ ብናየው፣ ከረጢቱ ውስጥ ባለው አየርና አጠገቡ ባለው ደም መካከል ያለው ርቀት በብዛት ከ1 ማይክሮሜትር በታች ነው። ኦክስጅን ያንን ርቀት ያለ ምንም ጉልበት ያልፈዋል። እዚያው ከረጢት ላይ ግን ክብ ኒውክለስ ያላቸው ኩብ መሰል ህዋሳት አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ሰርፋክታንት የሚባለውን ፈሳሽ የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ሰርፋክታንት ከረጢቶቹ አየር ሲወጣ ተጣብቀው እንዳይቀሩ ያደርጋል። ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናት መተንፈስ የሚቸገሩት አንዱ ምክንያት ይህ ፈሳሽ ገና በበቂ ሁኔታ ስላልተመረተ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ቅርጹ ሲለወጥ ሥራውም እንደተለወጠ አያችሁ? ጠፍጣፋው ያሳልፋል፤ ኩብ መሰሉ ያመርታል። ለማምረት ሆድ ያስፈልጋል፤ ለፋብሪካው ቦታ።

ነጠላ ኩብ መሰል እንግዲህ ያ ሆድ ያለው ነው። ኩላሊት ዋና ቤቱ ነው። ኩላሊቶቻችን በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። የምንሸናው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ቀሪውን አንድ በአንድ መርጠው ወደ ደም የሚመልሱት የኩላሊት ቱቦዎች ህዋሳት ናቸው። ይህ ጉልበት የሚበላ ሥራ ስለሆነ ህዋሳቱ ጉልበት በሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ የታጨቁ ናቸው። በተለይ የመጀመሪያው የቱቦ ክፍል ደመቅ ያለ ሮዝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጫፉም ጥቅጥቅ ባለ የማይክሮቪላይ ብሩሽ ስለተሸፈነ የቱቦው ቀዳዳ የደበዘዘ ይመስላል። ቀዳዳው ንጹህ ሆኖ ከታያችሁ ወደ መጨረሻው የቱቦ ክፍል መጥታችኋል። በታይሮይድ ዕጢና በትናንሽ የዕጢ ቱቦዎችም ይህንኑ ኤፒተልየም ታገኛላችሁ።

ነጠላ ዓምድ መሰል የጨጓራና የአንጀት ነው። ሦስት አካላትን በዚህ ዓይነት ብቻ መለየት ትችላላችሁ። የጨጓራ ገጽ ሙሉ በሙሉ ንፍጥ አምራች ህዋሳት ነው፤ ጎብሌት ህዋስ በጤናማ ጨጓራ ላይ የለም። ትንሹ አንጀት ላይ ገጹ ጣት መሰል ቪላይ አውጥቷል፣ ጫፉ ላይ የማይክሮቪላይ መስመር አለ፣ ጎብሌት ህዋሳትም ጣል ጣል ብለዋል። ትልቁ አንጀት ላይ ቪላይ የለም፤ ጎብሌት ህዋሳቱ ግን ተጨናንቀዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጨጓራ ራሱን ከራሱ አሲድ መጠበቅ አለበት። ትንሹ አንጀት መምጠጥ አለበት። ትልቁ አንጀት እየደረቀ የሚሄድ ነገር ስለሚያሳልፍ ማለስለሻ ይፈልጋል።

እነዚህ የትንሹ አንጀት ህዋሳት በጣም ይገርሙኛል። ጎን ለጎን የተያያዙት ጥብቅ በሆነ ማጣበቂያ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ምግብ በህዋሱ ውስጥ አልፎ መፈተሽ አለበት። ጫፋቸው ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አብሮ የሚያስገባ በር አለ። ሁለቱ ሲገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ ጨውና ስኳር አንድ ላይ የያዘው በዚህ በር ምክንያት ነው። ጨው ብቻውን ያን ያህል አይረዳም። የስንት ሕፃናት ሕይወት የተረፈው በአንድ ድርድር ህዋስ ጫፍ ላይ ባለ በር መሆኑን ሳስብ ስላይዱን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ህዋሳቱ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ ኖረው ይረግፋሉ፤ ከሥር አዳዲሶች ይተካሉ። በማህፀን ቱቦ ላይ ያለው ዓምድ መሰል ኤፒተልየም በበኩሉ ሲሊያ አለው፤ እንቁላሉን ወደ ማህፀን ለመግፋት ያግዛል።

ድርብርብ መሳይ ባለ ሲሊያ ኤፒተልየም የአፍንጫ፣ የአየር ቧንቧና ከእሱ ተከፍለው ወደ ሳንባ የሚገቡት የብሮንካይ ነው። ጎብሌት ህዋሳቱ የሚያመርቱት ንፍጥ አቧራና ጀርም ይይዛል። ሲሊያዎቹ እየተወዛወዙ ያንን ንፍጥ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ ሳናውቀው እንውጠዋለን። አንድ ህዋስ ወደ 200 የሚሆን ሲሊያ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱም በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይመታል። ሲሊያቸው ሳይንቀሳቀስ የሚወለዱ ሰዎች አሉ። የሳንባና የሳይነስ ኢንፌክሽን ይደጋገምባቸዋል። ከእነሱ መካከል ግማሽ በሚሆኑት ላይ ልብ በስተቀኝ፣ ጉበት በስተግራ ሆኖ ይገኛል። በፅንስ ጊዜ ግራና ቀኝን የሚወስነውም የሲሊያ እንቅስቃሴ ስለሆነ ነው።

ድርብርብ ጠፍጣፋ ኤፒተልየም መከላከያ ነው። መፋተግ ባለበት ቦታ ሁሉ አለ። ሁለት መልክ አለው። ቆዳ ላይ ላይኞቹ ህዋሳት ሞተው ኬራቲን ሆነዋል፤ ውሃ እንዳይወጣ፣ ጀርም እንዳይገባ ያግዳሉ። አፍ ውስጥ፣ የምግብ ቧንቧ፣ ብልትና የዓይን ኮርኒያ ላይ ግን ገጹ እርጥብ ነው። ህዋሳቱ እስከ ላይኛው ድርድር ድረስ ኒውክለስ አላቸው። ልዩነቱን ለማየት ላይኛውን ድርድር ብቻ እዩ፤ ኒውክለስ ካለ እርጥብ ገጽ ነው፣ ከሌለ ቆዳ ነው። ህዋስ የሚወለደው ከታች ነው፣ እየተገፋ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ይረግፋል። በቆዳ ይህ ጉዞ በጥቅሉ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ህዋሳቱን እርስ በርስ የሚይዛቸው ዴስሞዞም የሚባል ማያያዣ ነው። የሰውነት መከላከያ ይህን ማያያዣ በስህተት ሲያጠቃ ፔምፊገስ የሚባል ሕመም ይመጣል፤ ቆዳ ውሃ ይቋጥርና ይላጣል።

ድርብርብ ኩብ መሰልና ድርብርብ ዓምድ መሰል ብርቅ ናቸው። የመጀመሪያው በላብ ዕጢ ቱቦ፣ ሁለተኛው በትላልቅ የዕጢ ቱቦዎችና በወንድ የሽንት መውጫ ቱቦ ከፊል ቦታ ላይ ይገኛሉ። ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

የመጨረሻው ተለዋጭ ኤፒተልየም ነው፤ የሽንት ፊኛና ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱት ቱቦዎች ሽፋን። ፊኛው ባዶ ሲሆን 5 ወይም 6 ድርድር ያለው ይመስላል፤ ላይኞቹ ህዋሳት ጉልላት ሠርተው ያብጣሉ። ሽንት ሲሞላ ይለጠጣል፤ 2 ወይም 3 ድርድር ብቻ የቀረ ይመስላል። ላይኞቹ ትላልቅ ህዋሳት ጃንጥላ ህዋሳት ይባላሉ። አንዱ ብዙ ህዋሳትን ከሥሩ ይከልላል፤ አንዳንዱም ሁለት ኒውክለስ አለው። ሁለት ኒውክለስ ያለው ጉልላት ካገኛችሁ አትጠራጠሩ፤ የሽንት መንገድ ነው።

ደረጃ 7፦ ወጥመዶቹን እወቁ

ትልቁ ወጥመድ የአቆራረጥ አቅጣጫ ነው። ናሙናው በሰያፍ ከተቆረጠ ነጠላው ኤፒተልየም ድርብርብ ይመስላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ በአንድ ቦታ አትወስኑ። ጠርዙን ይዛችሁ ዙሩ። ከሁሉም ቀጭን የሆነውን፣ ህዋሳቱ ቀጥ ብለው የተቆረጡበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ቁጠሩ። ትክክለኛው ቁጥር እሱ ነው።

ሁለተኛው ተለዋጩን ከእርጥብ ድርብርብ ጠፍጣፋ ጋር ማምታታት ነው። ላይኛው ድርድር ጉልላት ሠርቶ ወደ ክፍቱ ቦታ ካበጠ ተለዋጭ ነው፤ ከተኛ ጠፍጣፋ ነው። ድርብርብ መሳይን ከእውነተኛው ድርብርብ ለመለየት ደግሞ ሲሊያ ፈልጉ። ሲሊያና ጎብሌት ህዋስ አብረው ከታዩ የአየር መንገድ ነው ብላችሁ መነሳት ትችላላችሁ።

ደረጃ 8፦ ዕጢ ስታገኙ

አንዳንዴ ኤፒተልየሙ ከገጹ ወደ ታች ሰርጎ ገብቶ ክብ ክብ የህዋስ ክምችት ይሠራል። ያ ዕጢ ነው። መጀመሪያ ቱቦ ፈልጉ። ካለው ምርቱን ወደ ገጽ ያፈሳል፤ እንደ ምራቅ፣ ላብና ወዝ። ቱቦ ከሌለውና በዙሪያው ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ከበዙ ምርቱ ሆርሞን ነው፤ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ቆሽት ሁለቱንም ይዟል። አብዛኛው አካሉ ኢንዛይም አምራች ነው፤ በመካከሉ ግን ፈዘዝ ያሉ ደሴቶች አሉ። ደሴቶቹን በ1869 ያገኛቸው ፖል ላንገርሃንስ ገና የሕክምና ተማሪ ነበር። ኢንሱሊን የሚመነጨው ከእነሱ ነው።

ምራቅ ዕጢ ላይ ደግሞ የኒውክለሱን ቦታ እዩ። ክብ ኒውክለስና ጠቆር ያለ አካል ካለው ቀጭን፣ ኢንዛይም ያለበት ፈሳሽ ያመርታል። ኒውክለሱ ጠፍጥፎ ታች ከተጣበቀና አካሉ ከነጣ ንፍጥ አምራች ነው። አብዛኛው ዕጢ ምርቱን ብቻ ያወጣል። የወዝ ዕጢ ግን ህዋሱ ራሱ ፈርሶ ነው ምርት የሚሆነው።

ደረጃ 9፦ ቦታው ያልሆነ ኤፒተልየም ስታገኙ

ስም ማውጣት ከለመዳችሁ በኋላ «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» የምትሉበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጥያቄ አትናቁት።

ለዓመታት ያጨሰ ሰው ብሮንካይ ላይ ባለ ሲሊያው ኤፒተልየም ጠፍቶ ድርብርብ ጠፍጣፋ ተተክቶ ይገኛል። ጠፍጣፋው ጭሱን ይቋቋማል፤ ንፍጥ ግን አይገፋም። ስለዚህ ሰውየው ሲሊያው ይሠራ የነበረውን በሳል ይሠራል። የምግብ ቧንቧው ታችኛ ጫፍ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ከጨጓራ የሚመለሰው አሲድ ለረጅም ጊዜ ካቃጠለው፣ ድርብርብ ጠፍጣፋው በዓምድ መሰልና በጎብሌት ህዋሳት ይተካል። ባሬት ይባላል፤ ወደ ካንሰር የመሄድ ዕድል ስላለው ሐኪሞች ይከታተሉታል። ቫይታሚን ኤ በጣም ሲጎድል የዓይን ነጩን ክፍል የሚሸፍነው እርጥብ ሽፋን ይደርቅና ኬራቲን ያበጃል፤ ዓይነ ስውርነት ሊከተል ይችላል።

በአዋቂዎች ላይ የሚከሰተው አብዛኛው ካንሰር የሚነሳው ከኤፒተልየም ነው። ህዋሳቱ ዕድሜ ልካቸውን ይከፋፈላሉ፤ ለጭስ፣ ለፀሐይ፣ ለቫይረስ የተጋለጡትም እነሱ ናቸው። የማህፀን በር ላይ ድርብርብ ጠፍጣፋው ከዓምድ መሰሉ ጋር የሚገናኝበት ድንበር አለ። ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ካንሰር የሚያስነሳው በብዛት እዚያ ነው። የማህፀን በር ካንሰርን ቀድሞ ለሚፈልገው ለፓፕ ምርመራ ናሙና የሚወሰደውም ከዚያው ድንበር ነው። ምርመራው በስሙ የተጠራለት ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው ከኸርበርት ትራውት ጋር በ1943 ባሳተመው ሥራ ያሳየው፣ የረገፉ ህዋሳትን በማየት ብቻ ካንሰሩን ቀድሞ መያዝ እንደሚቻል ነው።

ደረጃ 10፦ በራሳችሁ ህዋስ ተለማመዱ

የተዘጋጀ ስላይድ ባይኖራችሁም ማይክሮስኮፕ ካለ ይበቃል። አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። በንጹህ የጥጥ እንጨት የጉንጫችሁን ውስጠኛ ክፍል ቀስ ብላችሁ ፈትጉ፤ መድማት የለበትም። ስላይድ ላይ ቀቡት፣ በአየር ይድረቅ። አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ጨምሩበትና ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ ልብስና እጅ ላይ ቶሎ ስለማይለቅ ጓንት አድርጉ። ትርፉን በውሃ በቀስታ አጥባችሁ መሸፈኛውን መስታወት በአንድ ጎን አስነክታችሁ ዝቅ አድርጉት፤ እንዲህ ሲሆን የአየር አረፋ አይገባም።

በ10 እጥፍ ፈልጉ፣ በ40 እዩ። ሰፊ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ መሐሉ ላይ አንድ ጠቆር ያለ ኒውክለስ ያለው ህዋስ ታገኛላችሁ። ስፋቱ 60 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከቀይ የደም ህዋስ 8 እጥፍ ያህል። ኒውክለስ ስላለው እርጥብ ገጽ እንደሆነ አወቃችሁ። ግን ኒውክለሱ ክብ ነው። ደረጃ 4 ላይ ክብ ኒውክለስ ኩብ መሰል ነው ብለን አልነበር? አሁን የምታዩት ከጎን ሳይሆን ከላይ ነው። ሳንቲም ከጎን ሲያዩት መስመር፣ ከላይ ሲያዩት ክብ ነው። ጠርዙ የታጠፈ ህዋስ ካገኛችሁ ምን ያህል ስስ እንደሆነ በደንብ ይታያችኋል።

ስትጨርሱ ስላይዱንና የጥጥ እንጨቱን በረኪና በገባበት ውሃ ዘፍዝፋችሁ አስወግዱ፤ እጃችሁንም ታጠቡ።